አልጀብራን ለሚጀምሩ ተማሪዎች የቀረቡ አጋዥ ትምህርቶች አጭር ታሪክ፤ በአዳማ (ናዝሬት)ና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች

መግቢያ

መደመርንና መቀነስን፥ ማባዛትንና ማካፈልን አጥርቶ የሚያውቅ ልጅ ሰባተኛ ወይም ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ በቁጥር ቦታ ፊደል ተጽፎ ይቀርብለታል። እስከዚያ ዕለት ሒሳብ ማለት የታወቀውን ቁጥር ማስላት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ያልታወቀውን እንደ ታወቀ ቈጥሮ መሥራት ይሆናል። ብዙ ተማሪ ከሒሳብ ጋር የሚጣላው ከዚህ በር ላይ ነው። በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የወደቀ ሁሉ የወደቀው በዚያው ዓመት ብቻ አይደለም፤ ከአራትና ከአምስት ዓመት በፊት ፊደሉ ሳይገባው አልፎ የመጣም አለበት።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአገራችን ጀማሪውን ተማሪ በዚህ በር እጁን ይዞ ለማሳለፍ የተደረጉትን ሙከራዎች በቅደም ተከተል መመልከት ነው። በተለይ አዳማንና ከቢሾፍቱ እስከ ሻሸመኔ ያሉትን ከተሞች የመረጥንበት ምክንያት አለን። አዳማ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በገባው የጅቡቲ ምድር ባቡር መሥመር ላይ የተስፋፋች ከተማ ናት። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት ተብላ ስትጠራ ቈይታ በኋላ የቀድሞ ስሟ ተመልሶላታል። በአጠገቧ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ሲጀምር ሠራተኛው ከየአቅጣጫው ተሰብስቧል። ስለዚህ በአንድ ክፍል ውስጥ በቤቱ ኦሮምኛ የሚናገር፥ አማርኛ የሚናገር፥ ሌላም ቋንቋ የሚናገር ልጅ ጐን ለጐን ይቀመጣል። በማዕከል የተወሰነ የትምህርት ለውጥ ሁሉ በነዚህ ከተሞች ወዲያው ይፈተናል ማለት ነው።

ሀ. ፊደል ከመግባቱ በፊት

አልጀብራ የሚለው ስም የመጣው እ.ኤ.አ. በ9ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በባግዳድ ይሠራ የነበረው አል ኽዋሪዝሚ ከጻፈው መጽሐፍ ርእስ ነው። ጀማሪዎች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር ቢኖር፥ ያ መጽሐፍ አንድም የፊደል ምልክት የሌለበት መሆኑ ነው፤ ሁሉም ነገር በቃል ተዘርዝሯል። ምሳሌዎቹም ከውርስ ክፍፍልና ከንግድ የተወሰዱ ናቸው። ፊደልን በሥርዓት በቁጥር ቦታ ያስገባው ፈረንሳዊው ቪየት በ1591 ሲሆን፥ ያልታወቀውን በላቲን ፊደላት መጨረሻዎች መጻፍን ያስለመደው ዴካርት በ1637 ነው። እንግዲህ የሰው ልጅ ከቃል ወደ ፊደል ለመሸጋገር ሰባት መቶ ዓመት ያህል ከፈጀበት፥ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቢደናገር ስንፍና ተብሎ ሊቈጠርበት አይገባም።

በአገራችንም ከዘመናዊ ትምህርት ቤት በፊት በቃል የሚሠራ አልጀብራ ነበረ ለማለት ይቻላል። ይህም የበዓላትንና የአጽዋማትን ቀን የሚያወጣው ባሕረ ሐሳብ ነው። ተማሪው ለዓመተ ምሕረቱ 5500 ይጨምራል፤ ድምሩን ለ19 ይገድፋል፤ ከቀሪው አንድ ሲያነሣ ወንበር ይወጣል። ወንበሩን በ11 አባዝቶ ለ30 ሲገድፈው አበቅቴ፥ በ19 አባዝቶ ለ30 ሲገድፈው መጥቅዕ ይገኛል። ለምሳሌ የ2017 ዓ.ም.ን እናውጣ። 5500 እና 2017 ሲደመር 7517 ይሆናል፤ ለ19 ሲገደፍ 12 ይቀራል፤ ወንበሩ 11 ነው። አበቅቴው 121 ለ30 ተገድፎ 1፥ መጥቅዑ 209 ለ30 ተገድፎ 29 ይሆናል።

መምህራኑ አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ምንጊዜም 30 እንደሚሆኑ ያስተምራሉ። ለምን? ወንበሩን «ወ» ብለን ብንጽፍ ምክንያቱ በአንድ መሥመር ይታያል፤ 11ወ + 19ወ = 30ወ። የሁለቱ ድምር ዘወትር የ30 ብዜት ነው። እያንዳንዱ ቀሪ ከ30 ያነሰ ስለ ሆነና ወንበሩ ከ1 እስከ 18 ሲሆን አንዳቸውም ዜሮ ስለማይሆኑ ድምራቸው ከ30 በቀር ሌላ ሊሆን አይችልም። ወንበር አልቦ በሚሆንበት ዓመት ብቻ አበቅቴ አልቦ፥ መጥቅዕ 30 ተብሎ ይያዛል። ፊደል የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ በየዓመቱ እየተሠራ የሚታየውን ነገር ለዓመታት ሁሉ በአንድ ጊዜ ያስረዳል።

በስምጥ ሸለቆው ዙሪያ የሚኖረው የኦሮሞ ሕዝብም በገዳ ሥርዓት ዘመንን በስምንት በስምንት ዓመት ይቈጥራል፤ ሥልጣን በአምስት ወገኖች ተራ ሲዞር አንድ ሙሉ ዙር 40 ዓመት ይሆናል። «ይህ ወገን መቼ ተመልሶ ይመጣል?» የሚለው ጥያቄ ያልታወቀውን ቁጥር የመፈለግ ጥያቄ ነው። ይሁን እንጂ ባሕረ ሐሳብም ሆነ የገዳ ቈጠራ በአስኳላው የአልጀብራ ትምህርት መግቢያ ላይ እንደ መንደርደሪያ የሚገባቸውን ቦታ አላገኙም።

ለ. መጽሐፍና መምህር ከውጭ

እ.ኤ.አ. በ1908 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የተጀመረው ከግብፅ በመጡ የቅብጥ መምህራን ነበር፤ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ተከተለ። በዚያን ዘመን የውጭ ቋንቋ ትምህርት ይበልጡን ፈረንሳይኛ ነበር። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ግን እንግሊዝኛ ተተካ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ሲስፋፋ የመምህራን እጥረት በረታ፤ በተለይ ሒሳብና ሳይንስ በአብዛኛው በውጭ አገር መምህራን እጅ ወደቀ። ከነዚህም መካከል የሕንድ መምህራን በብዙ ከተማ ይታወሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1962 ደግሞ 280 ያህል አባላት ያሉት የመጀመሪያው የአሜሪካ የሰላም ጓድ ቡድን ገብቶ አብዛኛው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመደበ። በናዝሬት የአፄ ገላውዴዎስ ትምህርት ቤት የከተማይቱንና የአካባቢዋን ልጆች ሲያስተምር፥ የሜኖናይት ሚሲዮንም እ.ኤ.አ. በ1959 አንድ አካዳሚ ከፍቷል።

በዚሁ ጊዜ በዓለም ላይ የሒሳብ ትምህርት ይታደስ የሚል እንቅስቃሴ ተነሥቶ ነበር። ሶቪየት ኅብረት በ1957 ስፑትኒክን ካመጠቀች በኋላ አሜሪካኖች የትምህርት መጻሕፍታቸውን እንደገና መረመሩ። ስኪነር የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅም ተማሪው በትንንሽ ደረጃ እየመለሰ፥ መልሱንም ወዲያው እያረመ ብቻውን የሚማርበትን የማስተማሪያ መኪና አስተዋወቀ። አፍሪካን የነካው ግን የእንቴቤ ሒሳብ የተባለው ነው። በ1961 በአሜሪካ በተደረገ ስብሰባ ታስቦ፥ በ1962 ክረምት በኡጋንዳ በእንቴቤ ከተማ የአፍሪካ፥ የእንግሊዝና የአሜሪካ መምህራን ተሰብስበው መጻሕፍት መጻፍ ጀመሩ፤ ሥራውን የመሩት የኤም.አይ.ቲ. ፕሮፌሰር ማርቲን ነበሩ። ኢትዮጵያም ከተካፋዮቹ አገሮች አንዷ ነበረች።

ከእንቴቤ ሥራ ልንማርበት የሚገባን አንድ ነገር አለ። ለተማሪው መጽሐፍ ሲጻፍ ለመምህሩም መምሪያ አብሮ ተጽፏል። አጋዥ መጽሐፍ የሚያስፈልገው ለተማሪው ብቻ እንዳልሆነ፥ መምህሩ ራሱ አዲሱን ነገር በሚማርበት ጊዜ የሚመራው እንደሚሻ አዘጋጆቹ ተረድተው ነበር። ነቀፌታው ደግሞ በየአገሩ አንድ ዓይነት ነው፤ አዲሱ ሒሳብ ስብስብን፥ ምልክትንና ትርጓሜን አስቀድሞ ገበያውንና እርሻውን አስከተለ። ሰፈሩን በማያውቀው ምልክት የተጀመረ ልጅ ቃሉን ይሸመድዳል እንጂ ሐሳቡን አይጨብጥም።

ከመጻሕፍቱ ይልቅ ያልተጻፈ አንድ እርዳታ መጠቀስ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1964 በተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት እየወጡ አብዛኞቹ በመምህርነት ያገለግሉ ነበር። ፊደሉ ለራሱ ያስቸገረበት ዘመን ያልራቀበት ወጣት ለታናሹ ሲያስረዳ የሚደናቀፍበትን ድንጋይ ያውቀዋል። አስጠኚ የሚባለው ልማድ፥ ማለትም የላይኛው ክፍል ተማሪ የታችኛውን ማስጠናቱ፥ ከዚያም በፊት ነበረ፤ ዛሬም በአዳማ ሰፈሮች አልጠፋም።

ሐ. የቋንቋው ደረጃ

በ1956 ዓ.ም. አማርኛ የመጀመሪያ ደረጃ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ፤ ከዚያ በላይ እንግሊዝኛ ቀጠለ። በ1984 ዓ.ም. ኦሮምኛ በቁቤ እንዲጻፍ ተወስኖ፥ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቀደ። በኦሮሚያ ሒሳብ «ሔረጋ» ተብሎ እስከ ስምንተኛ ክፍል በኦሮምኛ ይሰጥ ጀመር፤ በአዳማ በአማርኛ የሚማሩ ልጆችም አሉ። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ሁሉም በእንግሊዝኛ ይገናኛሉ።

ይህ ለጀማሪው ትልቅ እርዳታ ነበር፤ የመጀመሪያውን እኩልዮሽ እናቱ በምትናገረው ቋንቋ ሊረዳው ቻለ። ዳሩ ግን ሁለት ችግሮች ቀሩ። አንደኛው ከፊደሉ የሚመጣ ነው። በቁቤ «ኤክስ» የሚባለው የላቲን ፊደል የ«ጠ»ን ድምፅ ይሰጣል፤ «ጢቃ» (ትንሽ) የሚለው ቃል የሚጀምረው በርሱ ነው። ስለዚህ ልጁ ያንኑ ምልክት ኦሮምኛ ሲያነብ ድምፅ፥ ሒሳብ ሲሠራ ቁጥር አድርጎ እንዲያየው ይጠየቃል። ይህን በግልጽ የሚነግረው መምህር ካገኘ ችግሩ በአንድ ቀን ያልፋል፤ ካላገኘ ግን ለረጅም ጊዜ ይከተለዋል። ሁለተኛው ችግር በዘጠነኛ ክፍል ይመጣል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ስምንተኛ ክፍልን በኦሮምኛ ጨርሶ ዘጠነኛ ሲገባ፥ አሳምሮ የሚሠራውን እኩልዮሽ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ሲያየው እንደ አዲስ ነገር ፈርቶታል። የጐደለው ዕውቀቱ ሳይሆን ስሙ ነበር። የቃላቱን ስም በሁለቱም ቋንቋ ጐን ለጐን የያዘ አንድ ገጽ ወረቀት በቂ ይሆን ነበር፤ በክፍላችን ግን ማንም አልሰጠንም።

መ. የፕላዝማው ዘመን

በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒሳብን ጨምሮ የተለያዩ ትምህርቶች በሳተላይት ቴሌቪዥን መሰጠት ጀመሩ። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በእንግሊዝኛ ይቀርብ ነበር፤ ሕዝቡ በመሣሪያው ስም «ፕላዝማ» አለው። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ በመቂና በባቱ ያለ ልጅ በአዲስ አበባ ካለው ጋር አንድ ዓይነት ትምህርት እንዲያገኝ ታስቧል። ነገር ግን ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን ስርጭቱ ሲወስድ፥ ለመምህሩ የቀረለት ለመግቢያና ለማጠቃለያ የሚሆን ጥቂት ደቂቃ ነበር።

የአቅራቢው ታላቅ እኅት በዚያን ጊዜ በአንድ የስምጥ ሸለቆ ከተማ ትማር ነበር። እርሷ እንደምትለው፥ በቴሌቪዥኑ ያለው ሰው ጥያቄ ጠይቆ «ጊዜያችሁ አልቋል» ሲል እነርሱ ገና ጥያቄውን እየገለበጡ ነበር። መብራት የጠፋ ቀን ግን መምህራቸው ጠመኔ አንሥተው፥ «ሦስት ኪሎ ሽንኩርትና የ20 ብር ቲማቲም የገዛች ሴት 170 ብር ከፈለች፤ ሽንኩርቱ በኪሎ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ። የሽንኩርቱን ዋጋ «ሽ» ብለው 3ሽ + 20 = 170 ሲጽፉ ክፍሉ በሙሉ 50 ብር ብሎ መለሰ። «መብራት የጠፋ ዕለት አልጀብራ በራልን» ትላለች። በዚህ አንድ ምስክርነት ብቻ ፕላዝማን መኰነን አይገባም፤ ሆኖም የትምህርት ሰዎች በሥራው ላይ ያቀረቡት ነቀፌታ፥ ማለትም የስርጭቱ ፍጥነትና የመምህሩ ቦታ መጥበብ፥ ከዚህ ጋር ይስማማል።

እ.ኤ.አ. በ2010 የታተሙት አዲስ መጻሕፍት ይህን ለማረም ሞክረዋል። የዘጠነኛ ክፍሉ የሒሳብ መጽሐፍ ከቁጥር ሥርዓት ተነሥቶ በሁለተኛው ምዕራፍ ወደ እኩልዮሽ ይገባል፤ በየመካከሉም ተማሪው ራሱ ወይም ከጓደኞቹ ጋር የሚሠራቸው ልምምዶች አሉት። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ትምህርት ቤቶችን ሲዘጋ ደግሞ ሬዲዮንና ቴሌቪዥን ዳግመኛ ተሞከሩ፤ ዛሬም የጥያቄ ወረቀት በስልክ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል።

መደምደሚያ

በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ፥ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ከመቶ ነበሩ። ይህን ሁሉ በአልጀብራ ማሳበብ ስሕተት ነው፤ ፈተናው ብዙ ትምህርት አለበት። ነገር ግን መሠረቱ የታች ክፍል መሆኑን ማንም አይክድም።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮችን እናገኛለን። አንደኛ፥ አጋዥ ትምህርት መምህሩን ወደ ጐን ሲያደርግ ደክሟል፤ መምህሩን አብሮ ሲመራ ጠቅሟል። ሁለተኛ፥ ጀማሪው ከሚያውቀው ስሌት፥ ከገበያ፥ ከገዳ ቈጠራ ወይም ከባሕረ ሐሳብ ቢነሣ ፊደሉ ለምን እንደ መጣ ይገባዋል። ሦስተኛ፥ ከኦሮምኛና ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚሻገርበት ድልድይ በጽሑፍ ሊዘጋጅለት ይገባል።

ይህን የመጨረሻውን ለመጀመር ገንዘብም ሳተላይትም አያስፈልግም። ከነዚህ ከተሞች የመጣን ተማሪዎች በክረምት ወደየቤታችን ስንመለስ የስምንተኛ ክፍልን የአልጀብራ ቃላት በሦስቱ ቋንቋዎች ሰብስበን፥ ከየቃሉ ጋር አንድ አንድ የገበያ ምሳሌ ብንጽፍና በየሰፈራችን ብናስጠና፥ ከእኛ በፊት የነበሩት ወንድሞችና እኅቶች በአገልግሎቱ የጀመሩትን ሥራ ቀጠልን ማለት ነው።