የለጋ ዕድሜ ልዩ ሁኔታ

ራሱ ያላየውን፣ «እገሌ ሲናገር ሰማሁ» ብሎ የሚመሰክር ሰው የሚያቀርበው ማስረጃ የስሚ ስሚ ይባላል። የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች በመርህ ደረጃ አይቀበሉትም፤ ባለቃሉ ራሱ ቀርቦ፣ ምሎ፣ በመስቀለኛ ጥያቄ መፈተን አለበት። ተጠቂው የአራት ዓመት ሕፃን ሲሆንስ? ችሎት ፊት ድምፁ ይጠፋል፤ ድርጊቱን ከእርሱ ሌላ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ተከሳሹ ብቻ ነው።

ለዚህ ችግር የወጣው ደንብ በእንግሊዝኛ «ቴንደር ይርስ ኤክሰፕሽን» ይባላል፤ በአማርኛ «የለጋ ዕድሜ ልዩ ሁኔታ» ልንለው እንችላለን። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ሜሪላንድ ደንቡ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ለሐኪም፣ ለሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ለነርስ፣ ለማኅበራዊ ሠራተኛ ወይም ለመምህር በሥራቸው ላይ ሳሉ ስለደረሰበት ጥቃት የነገራቸውን ይመለከታል። አክስት ወይም ጎረቤት የሰማው በዚህ በር አይገባም። ዳኛው የቃሉን ተአማኒነት አስቀድሞ ይመዝናል፤ ልጁ ካልመሰከረ ደግሞ ደጋፊ ማስረጃ የግድ ነው።

ከዚህ ሌላ የቆየ መንገድ አለ፦ ለሕክምና ሲባል የተነገረ ቃል። መነሻው፣ መዳን የሚፈልግ ሰው ሐኪሙን አይዋሽም የሚል ነው። ለአዋቂ ያስኬዳል። አሻንጉሊት ይዛ ምንጣፍ ላይ የተቀመጠች የሦስት ዓመት ልጅ ግን አጠገቧ ያለችው ሴት «ሐኪም» መሆኗን በምን ታውቃለች? ለእኔ ደካማው ቦታ እዚህ ነው። ስለዚህ ከጠያቂው ማዕረግ ይልቅ የጥያቄው አቀራረብ መታየት አለበት።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 የወሰነው የአይዳሆ ጉዳይ ይህን ያሳያል። ሐኪሙ የሁለት ዓመት ተኩል ሕፃን ሲያነጋግር ድምፅ አልቀዳም፤ እየጠየቀ የሣለውንም ሥዕል በኋላ ጥሎታል። መሪ ጥያቄም ጠይቋል ተብሎ ተተችቷል። ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ቃሏን ውድቅ አደረገ፤ ተአማኒነቱ ከአነጋገሩ ሁኔታ ከራሱ እንጂ ከሌላ ማስረጃ ሊበደር አይችልም ሲል። በ2004 መመዘኛው ተለወጠ፤ ዋናው ጥያቄ ቃሉ ለክስ ምስክርነት እንዲሆን ተፈልጎ የተወሰደ ነው ወይ የሚል ሆነ። በ2015 በኦሃዮ ጉዳይ የሦስት ዓመት ልጅ ለመዋዕለ ሕፃናት መምህራኑ የተናገረው ያለ መስቀለኛ ጥያቄ ማስረጃ እንዲሆን የተፈቀደው በዚሁ መመዘኛ ነው፤ መምህራኑ የጠየቁት ልጁን ከአደጋ ለመጠበቅ ነበርና።

ልጅዎ ጥቃት እንደደረሰበት ቢነግርዎ ደጋግመው አይመርምሩት። የጠየቁትንና እርሱ ያለውን በራሱ አባባል ጽፈው ይያዙ፤ የቀረውን ለባለሙያ ይተዉ።