ብድርና «ከቀረጥ ነፃ»፦ የጭላሎ አውራጃ የእርሻ ድጋፍና የተቀባዮቹ ስያሜ

በቀድሞው አሩሲ ጠቅላይ ግዛት፣ በጭላሎ አውራጃ፣ መንግሥት ለእርሻ ያደረገው ድጋፍ ለማን እንደ ደረሰ ለመረዳት የሒሳብ መዝገብ ብቻውን አይበቃም። ድጋፉ የተነገረባቸው ቃላትም ሊመረመሩ ይገባል።

በአጭር ስሙ «ካዱ» የተባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት በ1959 ዓ.ም. ማብቂያ (እ.ኤ.አ. በ1967) ተቋቋመ፤ ማእከሉም አሰላ ነበረ። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ሲያከፋፍል የታሰበለት አነስተኛው ገበሬ ነበረ። ይሁን እንጂ «ገበሬ» የሚለው ስም የራሱን ርስት የሚያርሰውንም፣ በሌላ ሰው መሬት የሚኖረውን ጭሰኛም ያጠቃልላል። «አርሶ አደር»ም እንዲሁ ነው፤ የአካባቢው ኦሮምኛ «ቆቴ ቡላ» የሚለውም በተመሳሳይ መዋቅር የተሠራ ነው። በሁለቱም ቋንቋዎች የማረስ ግስ ይቀድማል፤ የማደር ግስ ይከተላል፤ የሚጠራው ሰውም በመተዳደሪያው ይታወቃል። መሬቱ የማን እንደ ሆነ ግን ከሁለቱም ስያሜዎች አይታወቅም። ያን የሚለየው «ጭሰኛ» እና «ባለርስት» የሚሉት ጥንድ ቃላት ብቻ ናቸው።

ልዩነቱ በብድሩ ላይ ወዲያው ታየ። ጭሰኛው ለመበደር ከባለርስቱ ጋር የተፈረመ የኪራይ ውል ማቅረብ ነበረበት፤ ሲሶም ሆነ እኩል የሚከፈልበት ስምምነት ግን በልማድ የሚደረገው በቃል ነበረ። ስለዚህ ለጭሰኛው የታሰበው ማዳበሪያ በባለርስቱ ፈቃድ ላይ ተንጠለጠለ። ምርቱ ሲጨምርም ከባለርስቶቹ አንዳንዶቹ የድርሻቸውን መጠን ከፍ አደረጉ።

በዚያው ዘመን የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ ወደ አገር እንዲገቡ ተፈቀደ፤ የትራክተር ነዳጅም የግብር እፎይታ ነበረው። ይህ ከመንግሥት ገቢ የሚቀነስ ገንዘብ ስለሆነ በተግባር ድጎማ ነው። አገላለጹ ግን ሌላ ነው። «ጭሰኛው ተበደረ» ሲባል ተቀባዩ ባለቤት ሆኖ በግልጽ ይታያል፤ ዕዳም አለበት። «ትራክተሩ ከቀረጥ ነፃ ገባ» ሲባል ግን የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት መሣሪያው ነው፤ ሰጪውም ተቀባዩም አይጠቀሱም። ትራክተር ለመግዛት አቅም የነበራቸው ሰፊ መሬት የያዙ ባለርስቶችና መሬት የሚከራዩ ባለሀብቶች ነበሩ። ስንዴው አትራፊ ሲሆን ብዙ ጭሰኞች ከሚያርሱት መሬት ተነቀሉ። የባለርስትና የጭሰኛን ግንኙነት ለማሻሻል የቀረበው ረቂቅ ሕግም በፓርላማ ሳይጸድቅ ቀረ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. መጋቢት 1975) የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ የአንድ ቤተ ሰብን ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ጭሰኝነትንም አስቀረ። የባለርስቱ ፊርማ ቀርቶ የገበሬ ማኅበር ተተካ። ቅድሚያ የሚያገኘው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ግን በሌላ ስም ተመለሰ። በ1971 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራትን «ማልባ»፣ «ወልባ» እና «ወላንድ» በሚሉ ሦስት ደረጃዎች ከፈላቸው፤ በማዳበሪያ፣ በብድርና በባለሙያ ምክር ቅድሚያ የሚሰጠውም ለእነዚህ ሆነ። በግሉ የሚያርሰው አርሶ አደር ከኋላ ተሰለፈ።

በሁለቱም ሥርዓቶች «ገበሬ» የተባለው ሁሉ እኩል ተቀባይ አልነበረም። የጭላሎን ሰነዶች የሚያጠና የቋንቋ ሰው «ድጎማ» እና «ብድር» የሚሉትን ቃላት ብቻ ቢለቅም የትንሹን ሰው ዕዳ ያገኛል፤ ትልቁ ሰው ያገኘው ጥቅም ግን ተቀባይ በማይጠራባቸው ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ ያመልጠዋል። ስለዚህ ከስሞቹ ጎን ለጎን የግሶቹ ባለቤት ማን እንደ ሆነ መመዝገብ አለበት።