አማርኛ ከአገው የተቀበለው

አማርኛን የተበላሸ ግዕዝ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህ አባባል ግን የቋንቋውን ታሪክ እኩሌታ ይሰውራል። አማርኛ በትውልዱ የግዕዝ ዘመድ ቢሆንም፣ ያደገው በአገው ሕዝብ መካከል ነው።

ግዕዝ «ሐነጸ ንጉሥ ቤተ» ሲል ግሡን ያስቀድማል፤ አማርኛ ግን «ንጉሥ ቤት ሠራ» ብሎ ከመጨረሻ ያኖረዋል። በግዕዝ «ብእሲ ዘመጽአ» የተባለውም በአማርኛ «የመጣው ሰው» ይሆናል። የአገው ቋንቋዎች ሥርዓት እንደዚሁ ነው። ነጠላ ቃልስ ከገበያም ይገኛል፤ የአነጋገር ሥርዓት ግን እንዲህ የሚለወጠው፣ ብዙ ሕዝብ የአባቱን ቋንቋ ትቶ በአዲሱ ሲናገር የቀድሞውን አሰካክ ይዞ ስለሚገባ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1270 ዓ.ም. መንግሥታቸው ያለፈው የዛጔ ነገሥታት አገዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ አገውኛ በብዙ ስፍራ ለአማርኛ ቦታውን እየለቀቀ ሄደ፤ ዛሬ በተለይ በአዊና በዋግ ይነገራል። ቋንቋውን የለወጡት ሰዎች ልጆች ከየት እንደ መጡ ረስተው ይሆናል፤ አነጋገራቸው ግን አልረሳም።

አማርኛም በተራው ግዕዝን ነካው። ትግርኛ ተናጋሪ ሐን ከሀ ለይቶ ያሰማል፤ በአማርኛ አገር ግን ሁለቱ በድምፅ አንድ ስለ ሆኑ፣ የግዕዙም ንባብ ይህንኑ ተከተለ። ስለዚህ የቆሎ ተማሪ «መሐረ» ይቅር አለ፣ «መሀረ» ደግሞ አስተማረ ማለት መሆኑን በዓይኑ እንጂ በጆሮው አይለይም፤ መምህሩ በየፊደሉ ስም እየጠራ ያስረዳዋል።