የንስር አወራረድ ዜና

በ1961 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ ሐምሌ 13 ቀን እሑድ፣ ኒል አርምስትሮንግና በዝ ኦልድሪን ከእናት መንኮራኩራቸው ከኮሎምቢያ ተለይተው ወደ ጨረቃ ወረዱ። ማይክል ኮሊንስም ኮሎምቢያን እየጠበቀ በጨረቃ ዙሪያ ቀረ። የወረዱባት መንኮራኩር ስም ኢግል፣ ትርጓሜውም ንስር ነው። ሁለቱ ሰዎች ግን ብቻቸውን አልነበሩም፤ 32 ኪሎ የሚመዝን ኮምፒውተር አብሯቸው ነበር።

እርሱንም የነደፉት በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ያሉ ሊቃውንት ናቸው። ፕሮግራሙን በፋብሪካ ያሉ ሴቶች በመርፌ እየወጉ በሽቦ ሠሩት፤ ሽቦው በማግኔት ቀለበት ውስጥ ካለፈ አንድ፣ በውጭ ካለፈ ዜሮ ነው። ጠፈርተኞቹ የሚያዙት በቁጥር ሲሆን፣ “ግስ” የሚለውን ቁልፍ ተጭነው ምን እንዲሠራ፣ “ስም” የሚለውን ተጭነው በምን ላይ እንዲሠራ ይነግሩት ነበር።

በ15 ኪሎ ሜትር ከፍታ ሞተሩ ተቀሰቀሰ። በዚያን ጊዜ ልጓሙ በሙሉ በኮምፒውተሩ እጅ ነበር፤ ያሰላል፣ አቅጣጫ ይይዛል፣ የሞተሩን ጉልበት ይመጥናል።

ከአምስት ደቂቃ በኋላ ግን 1202 የሚል የማስጠንቀቂያ ቁጥር ወጣ። አርምስትሮንግም ፍቺውን በሂዩስተን ካለው የበረራ መቆጣጠሪያ ጠየቀ። ይቀጥሉ ወይስ ያቋርጡ የሚለው ፍርድ የወደቀው በዚያ በነበረው በ26 ዓመቱ ስቲቭ ቤልስ ላይ ነበር። ቤልስ ቀደም ሲል በልምምድ ላይ በመሰል ማስጠንቀቂያ ደንግጦ ጉዞው ይቋረጥ ብሎ ነበርና፣ የበረራ መሪው ጂን ክራንዝ ቁጥሮቹ ሁሉ አንድ በአንድ እንዲመረመሩ አዞ ነበር። ስለዚህ የ24 ዓመቱ ጃክ ጋርማን ፍቺያቸውን በእጁ ጽፎ አጠገቡ አኑሮ ነበር። ዝርዝሩን አይቶ ይቀጥሉ አለ፤ ቤልስም አጸና፤ ቃሉንም ቻርሊ ዱክ ወደ ንስር አደረሰ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ለመመለሻ የተሠራው ራዳር በማይፈለግበት ሰዓት የኮምፒውተሩን ጊዜ ይሻማ ነበር። ሠሪዎቹ ግን አስቀድመው ለየሥራው ማዕረግ ሰጥተው ነበርና፣ ኮምፒውተሩ በሥራ ሲጨናነቅ ራሱን እንደገና አስጀምሮ ታናናሹን ሥራ ጣለ፤ ሞተሩንና አቅጣጫውን አልለቀቀም። ማስጠንቀቂያው አምስት ጊዜ መጣ፤ አምስት ጊዜም እንዲሁ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ተራው የዓይን ሆነ። በአርምስትሮንግ መስኮት ሁለት መስተዋቶች ላይ መለኪያ ተቀርጾ ነበር። ኦልድሪን ከኮምፒውተሩ ያገኘውን ቁጥር ያነብለታል፤ አርምስትሮንግ የሁለቱን መስተዋቶች ጭረት አገጣጥሞ በዚያ ቁጥር ላይ ሲያነጣጥር፣ ኮምፒውተሩ ሊያርፍ ያሰበበት ስፍራ ይታየዋል። ያየውም 180 ሜትር ያህል የሚሰፋ ጉድጓድና በአጠገቡ የተበተነ ቋጥኝ ነበር።

ኮምፒውተሩ ቋጥኝ አያይም። አርምስትሮንግም እጀታውን ይዞ ንስርን ወደ ፊት አሻገራት። ቢሆንም የሞተሩን ጉልበት ለኮምፒውተሩ ተወለት፤ ትንሿን መቀየሪያ አንድ ጊዜ ሲነካት የአወራረዱ ፍጥነት በሴኮንድ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይለወጣል፣ የተለወጠውንም የሚጠብቀው ኮምፒውተሩ ነው። የእጀታው ትእዛዝ እንኳ በእርሱ በኩል ያልፍ ነበር። ነዳጁ እያለቀ ሄደ፤ ከሂዩስተን 60 ሴኮንድ ቀረ፣ ቀጥሎም 30 ቀረ ተባለ። አቧራው ተነሣ። ከንስር እግር የተንጠለጠለው ዘንግ መሬት ነክቶ ሰማያዊ መብራት በራ፤ በኢትዮጵያ ሰዓት ከሌሊቱ 5 ከ17 ነበር።

በ1963 ዓ.ም. በዘመነ ሉቃስ፣ ጥር 28 ቀን ዓርብ፣ አላን ሼፐርድና ኤድጋር ሚቸል አንታሬስ በተባለች ሌላ መንኮራኩር ወደ ጨረቃ ለመውረድ ሲሰናዱ፣ የማቋረጫው ቁልፍ ማንም ሳይነካው ኮምፒውተሯን አቋርጥ ይለው ጀመር። ሚቸል ሰሌዳውን ቢመታው ምልክቱ ጠፋ፤ ተመልሶ ግን መጣ። በማሳቹሴትስ ከፕሮግራሙ ጸሐፊዎች አንዱ የሆነው ዶን አይልስ በሌሊት ተቀምጦ ዘዴ ጻፈ፦ ኮምፒውተሩ ማቋረጥን አስቀድሞ የጀመረ ይምሰለው፣ ቁልፉንም አይስማው። ሚቸል ትእዛዙን በቁጥር አስገባ፤ ሞተሩን ወደ ሙሉ ጉልበት ማድረስ ግን በዚህ ምክንያት የሼፐርድ እጅ ሥራ ሆነ።

ዘመኑ ዞሮ ማቴዎስ በተመለሰ ጊዜ፣ በ1965 ዓ.ም. ታኅሣሥ 2 ቀን፣ ዩጂን ሰርናን ቻሌንጀር የተባለችውን መንኮራኩር በጨረቃ ላይ አሳረፈ። በጨረቃ ካረፉት ስድስት አዛዦች አንዱም የመጨረሻዎቹን ሜትሮች ለኮምፒውተሩ ብቻ አልተወም። ሰርናንም እጀታውን ይዞ ሲወርድ፣ ሃሪሰን ሽሚት ከጎኑ ቆሞ ከኮምፒውተሩ ቁጥር ያነብለት ነበር።