«እገሌ»፦ የስም ቦታ በብራናና በኮምፒዩተር

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋዎች፣ እንደ ሌላውም የኢትዮጵያ ክፍል፣ የጸሎት መጽሐፍ የሚጻፈው ለባለቤቱ ነበር። ጸሐፊው ሲገለብጥ «ገብርከ እገሌ» ወይም «አመትከ እገሊት» ከሚለው በደረሰ ቁጥር የባለቤቱን የክርስትና ስም ያገባል፤ ባለቤቱ ገና ያልታወቀ እንደ ሆነ ስፍራውን ባዶ ይተወዋል።

በኮምፒዩተር የቅጽ ቋንቋ የሚሠራ ባለሙያም የሚከተለው ይህንኑ ሥርዓት ነው። የማይለወጠው ቃል አንድ ጊዜ ይጻፋል፤ የሚለወጠው በተለዋዋጭ ይወከላል፤ ዑደቱም ስሞቹን ከዝርዝሩ ተራ በተራ እያነሣ ለእያንዳንዱ አንድ ጽሑፍ ያወጣል። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው ፒ ኤች ፒ የተስፋፋው በዚሁ አሠራር ነው።

ልዩነቱ ያለው በእርማቱ ላይ ነው። ብራናው በሽያጭ ወይም በውርስ ሲተላለፍ የቀድሞው ስም በየስፍራው ተፍቆ የአዲሱ ይተካ ነበር። ከእነዚህ አንዱ የተዘለለ እንደ ሆነ የቀድሞው ባለቤት በዚያ ይታወቃል። ከ1973 እ.ኤ.አ. ወዲህ በማይክሮፊልም የተነሡትን የሸዋ መጻሕፍት የሚመረምሩ ሊቃውንትም እንዲህ ያለውን ፍቅፋቂ እንደ ታሪክ ምስክር ያነቡታል። በኮምፒዩተር ግን ስሙ በአንድ ስፍራ ሲለወጥ በሁሉም ይለወጣል፤ የተረሳ ስም አይገኝም፣ ምስክሩም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ብራናው ሳይታሰብ ያቆየውን፣ ባለሙያው የቀድሞውን ዝርዝር ከነቀኑ በማኖር አስቦ ሊያቆየው ይገባል።