ላኪው ማን ነው? ከሰቆጣው ዋግሹም እስከ ኢሜይል

የድሮ የቤተ መንግሥት ደብዳቤ ከጉዳዩ በፊት ላኪውን ያስተዋውቃል። «የተላከ ከ…» ብሎ ስምና ማዕረግ ይጠራል፤ ከዚያ ማኅተም። ስሙን ብዕር የያዘ ሁሉ ሊጽፈው ይችላል፤ ማኅተሙ ግን የሚገኘው ከባለቤቱ እጅ ነው።

በመጠሪያ ስምና በማረጋገጫው መካከል ያለው ርቀት የሰቆጣውን ገዥ ዙፋን አስከፍሏቸዋል። ዘራቸውን ከዛጉዬ ነገሥታት የሚቆጥሩት ዋግሹም ጎበዜ፣ አባታቸውን ዋግሹም ገብረ መድኅንን አፄ ቴዎድሮስ ካስገደሏቸው በኋላ ሸፍተው ነበር። በ1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲሞቱ «አፄ ተክለ ጊዮርጊስ» ተባሉ። በአንድ አዋጅ የላኪው ስም ተለወጠ።

የሚያጸናው ግን ጠፋ። አቡነ ሰላማ አርፈዋል፤ ጳጳስ ያልቀባው ንጉሠ ነገሥት ደግሞ ስሙን ራሱ እንደሰጠ ይቆጠራል። የባለቤታቸው የወይዘሮ ድንቅነሽ ወንድም ደጃዝማች ካሳ ምርጫ በ1861 አቡነ አትናቴዎስን ከግብፅ አስመጡ። ሐምሌ 1863 አድዋ አጠገብ አሳም ላይ ተጋጠሙና ተክለ ጊዮርጊስ ተማረኩ። (ጦርነቱን የወሰነው ጳጳሱ ሳይሆን የእንግሊዝ ጦር ለካሳ ትቶት የሄደው መሣሪያ ነው ቢባል አያስኬድም አይባልም።) ጥር 1864 ካሳ አክሱም ላይ ተቀብተው ዮሐንስ 4ኛ ሆኑ።

ኢሜይልም የተወለደው ያለ ማኅተም ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣው የመላኪያ ደንብ ላኪው የጻፈውን ስም አያጣራም ነበር። እስከ ዛሬ እንደ ኢማክስ ባለ የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ኢሜይል የሚልክ ሰው የላኪውን ስምና አድራሻ ራሱ ይሞላል። ካልሞላ ፕሮግራሙ የተጠቃሚውንና የኮምፒውተሩን ስም ገጣጥሞ ሊልክበት ይችላል፤ እንዲህ ባለ አድራሻ መልስ አይመጣም። የግልና የመሥሪያ ቤት አድራሻ ያለው ሰው ደግሞ የትኛው ለየትኛው ደብዳቤ እንደሚወጣ መወሰን አለበት።

ላኪውም አንድ አይደለም። አንባቢው የሚያየው አንዱ ነው፤ ሰርቨሮች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት፣ እንደ ፖስታ ጀርባ ያለው አድራሻ ሌላ። ማኅተሙ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ የአድራሻው ባለቤት ሰርቨር በደብዳቤው ላይ የሚያኖረው የተመሰጠረ ፊርማ። ከ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ጂሜይልና ያሁ በብዛት ከሚልኩ ሰዎች ይህን ማረጋገጫ ይጠይቃሉ።

በባንክ ስም ወደ ስልካችሁ የሚገባውን ደብዳቤ ተመልከቱ። ስሙን የጻፈው ላኪው ነው። ከስሙ ጀርባ ያለውን አድራሻ ብዙ ጊዜ ስልኩ የሚያሳያችሁ ስሙን ስትነኩት ብቻ ነው።