ጨለማን የሚገልጡ የጀልባ ካሜራዎች

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 14 ቀን 1912 ከምሽቱ ለስድስት ሰዓት ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ታይታኒክ በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ከበረዶ ተራራ ጋር ስትጋጭ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ባህሩም የረጋ ነበር። ጨረቃ ግን አልነበረችም። በመርከቧ የቅኝት ማማ ላይ የቆሙት ሁለት ባህረኞች አጉሊ መነጽር ስላልነበራቸው የሚተማመኑት በዓይናቸው ብቻ ነበር። የበረዶውን ክምር ያዩት መርከቧ ልትሸሸው ከማትችልበት ርቀት ላይ ከደረሰች በኋላ ሲሆን፣ በአደጋው ከ1,500 በላይ ሰዎች አልቀዋል።

ዛሬ መርከቦች ራዳርና የሳተላይት አቅጣጫ ጠቋሚ አላቸው። ይሁንና ራዳር ሁሉንም ነገር አያሳይም። ትንሽ የእንጨት ጀልባ፣ በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ግንድ ወይም ከጀልባ የወደቀ ሰው የራዳርን ሞገድ አንፀባርቆ የመመለስ አቅሙ ደካማ በመሆኑ በማዕበሉ ነጸብራቅ መካከል ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ዓለም አቀፍ የባህር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብ በአምስተኛው አንቀጹ፣ ማንኛውም መርከብ በዓይንና በጆሮ እንዲሁም ባለው መሣሪያ ሁሉ ዘወትር ቅኝት እንዲያደርግ ያስገድዳል። የዓለም አቀፉ የባህር ድርጅት (አይኤምኦ) ደግሞ በ2000 ለፈጣን መርከቦች የሚውሉ የሌሊት ማያ መሣሪያዎች ሊያሟሉ የሚገባቸውን መስፈርት አጽድቋል።

ለመሆኑ በጨለማ ማየት እንዴት ይቻላል?

የብርሃን መጠን በሉክስ ይለካል። የቀን ፀሐይ 100,000 ሉክስ ገደማ ስትሰጥ፣ ሙሉ ጨረቃ ከአንድ ሉክስ ሦስት አሥረኛ በታች ትሰጣለች። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት የከዋክብት ብርሃን ወደ አንድ ሺህኛ ሉክስ ይወርዳል። ብርሃኑ አነሰ እንጂ ፈጽሞ አልጠፋም። የሌሊት ካሜራ ይህን ጥቂት ብርሃን አሰባስቦ ይጠቀማል።

የመጀመሪያው ዘዴ ብርሃን አጉሊ ቱቦ ነው። በሌንሱ የገባው ብርሃን ወደ ኤሌክትሮን ተለውጦ በሺዎች ጊዜ ይባዛና ፎስፈር በተቀባ ስክሪን ላይ ምስል ይሆናል። የተለመደው አረንጓዴ ምስል የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ዓይናችን የአረንጓዴን ድምቀት ከሌሎች ቀለሞች በተሻለ ይለያልና። አሜሪካውያን በ1960ዎቹ በቬትናም ጦርነት የተጠቀሙበት ይህ ቱቦ እስካሁን ይሠራል። ሆኖም ኃይለኛ መብራት ሊጎዳው ይችላል፤ ቀለምም አያሳይም።

ሁለተኛው ዘዴ ከስልካችን ካሜራ ጋር የሚቀራረብ ሴንሰር ነው። በ2009 ለገበያ የቀረቡት ብርሃንን በጀርባቸው የሚቀበሉ ሴንሰሮች፣ ቀደም ሲል የብርሃኑን መንገድ ይጋርዱ የነበሩትን ሽቦዎች ወደ ኋላ በማዛወራቸው የሚሰበስቡት ብርሃን ጨምሯል። በ1990ዎቹ መጨረሻ በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ኤሪክ ማዙር ቤተ ሙከራ የተገኘው ጥቁር ሲሊከን ደግሞ ለዓይን የማይታየውን የኢንፍራሬድ ብርሃን ጭምር በሚገባ ይቀበላል። ሳይኦኒክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይህን ግኝት ለጀልባ በሚሆን ካሜራ ላይ አውሎታል። የዚህ ዓይነት ካሜራ ትልቁ ጥቅም ቀለም ማሳየቱ ነው። በባህር ላይ ቀይ መብራት የመርከብን ግራ፣ አረንጓዴ ደግሞ ቀኙን ያመለክታል፤ ቀለሙን የለየ መሪ የሚመጣው መርከብ ወዴት እንደሚያመራ ይረዳል።

ሦስተኛው ተርማል ካሜራ ሲሆን፣ ብርሃን ሳይሆን ሙቀት ነው የሚያየው። ድቅድቅ ጨለማ አይበግረውም፤ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ያለ የሰው ጭንቅላት እንደ ፋኖስ ደምቆ ይታይበታል። ነገር ግን ቀለም አይለይም፤ በመደበኛ የመስኮት መስታወት ውስጥም አያይም። ከውኃው ጋር እኩል የሙቀት መጠን ያለው ግንድ ሊያመልጠው ይችላል። በሞቃት ባህር ላይ የሰውና የውኃው ሙቀት ስለሚቀራረብ ምስሉ ይደበዝዛል። ስለዚህ አቅሙ ያላቸው ሁለቱን ካሜራዎች አጣምረው ይጠቀማሉ።

ገዢ ምን ይጠይቅ?

ሻጮች “በ0.001 ሉክስ ያያል” ሲሉ ቁጥሩ ብቻውን ትርጉም የለውም። ካሜራው በሰከንድ ስንት ምስል ሲያነሳ፣ በምን ያህል የሌንስ ክፍተት እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ብርሃን ለመሰብሰብ ረዥም ጊዜ የሚወስድ ካሜራ በምትወዛወዝ ጀልባ ላይ የተዥጎረጎረ ምስል ይሰጣል። በቤት መጠበቂያ ካሜራዎች ላይ የምናየው የኢንፍራሬድ መብራትም ለባህር እምብዛም አይጠቅምም፤ ርቀቱ አጭር ነው፣ ጭጋግና የውኃ ፍንጣሪ ሲኖር ብርሃኑ ተመልሶ ሌንሱን ያሳውረዋል።

ካሜራው ከፍ ባለ ቦታ፣ ከጀልባዋ ከራሷ መብራቶች ርቆ መተከል አለበት። ጨዋማ ውኃ የማያስገባ መሆኑም ወሳኝ ነው። ብዙዎች የሚዘነጉት ደግሞ ስክሪኑን ነው። የሰው ዓይን ጨለማን ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ የደመቀ ስክሪን ይህን ልምድ በቅጽበት ያጠፋዋል። ስለዚህ ስክሪኑ የመጨረሻ ዝቅተኛ ድምቀት ሊኖረው ይገባል።

ባህር በር ለሌላት አገራችን ጉዳዩ ሩቅ ሊመስል ይችላል። በባህር ዳር ሠልጥነው በውጭ መርከቦች የሚሠሩ የማሪን ኢንጂነሮቻችን ግን ያውቁታል። ከሁሉም በላይ የኤደን ባሕረ ሰላጤ አለ። እ.ኤ.አ. ጁን 2024 ከቦሳሶ የተነሳች፣ 260 ኢትዮጵያውያንና ሶማሊያውያን የጫነች ጀልባ በየመን ዳርቻ ተገልብጣ 49 ሰዎች መሞታቸውን፣ 140 ደግሞ መጥፋታቸውን ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት (አይኦኤም) በወቅቱ አስታውቋል።

እንዲህ ያሉ ጀልባዎች ለራዳር ደካማ ዒላማ ናቸው፤ በሌሊት ሲጓዙም መብራት ላያበሩ ይችላሉ። በአካባቢው የሚያልፍ መርከብ በአደጋ ላይ ያለን ሰው የመርዳት ግዴታ በዓለም አቀፍ ሕግ ተጥሎበታል፤ ያላየውን ግን ሊረዳ አይችልም። ካሜራው ወጣቶቻችንን ለዚህ ጉዞ የሚዳርገውን ምክንያት አያስወግድም። ውኃ ውስጥ ለወደቀው ሰው ግን መታየትና አለመታየት የሕይወትና የሞት ልዩነት ነው። መሣሪያው የቱንም ያህል ቢረቅ፣ ስክሪኑን ነቅቶ የሚከታተል ሰው ከሌለ ዋጋ እንደሌለውም መዘንጋት የለበትም።